ሪንጃኒ፦ የተራራው ጉዞና የጠፋው ጫፍ ታሪክ

መግቢያ

ከባሊ ደሴት በስተ ምሥራቅ፣ ጥልቅ በሆነ የባሕር ወሽመጥ ተለይታ የምትገኘው ሎምቦክ፣ ኢንዶኔዥያ ካሏት በሺሕ የሚቆጠሩ ደሴቶች አንዷ ናት። በሰሜናዊው ክፍሏ ሪንጃኒ የተባለው ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 3,726 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። ከአገሪቱ እሳተ ገሞራዎች መካከል በቁመት የሚበልጠው በሱማትራ ደሴት የሚገኘው 3,805 ሜትር ከፍታ ያለው ኬሪንቺ ብቻ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ መንገደኞች፣ በአገሬው መሪዎች እየተመሩ ወደዚህ ተራራ ይወጣሉ፤ በገደሉ አፋፍ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማም ተነሥተው የፀሐይን መውጣት በጫፉ ላይ ሆነው ለማየት ይገሠግሣሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጉዞውን ውበት ለማድነቅ አይደለም። መንገደኛው ድንኳኑን የሚተክልበት አፋፍ፣ ዛሬ በቦታው የሌለ የአንድ ሌላ ተራራ ቅሪት ነው። ያ ተራራ ሳማላስ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1257 ፈንድቶ ጫፉ ወደ ውስጥ ሰመጠ። በዚያን ዓመት ገደማ ከዓለም እጅግ ታላላቅ ፍንዳታዎች አንዱ መድረሱን ሳይንቲስቶች ዐውቀው ሳለ፣ የፈነዳውን ተራራ ለማግኘት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ፈጀባቸው። የሎምቦክ ሕዝብ ግን የተራራውን ስም ከነደረሰው ጥፋት ጽፎ ይዞት ነበር። በመለካትና በመንደፍ ለምንተዳደር የሙያ ሰዎች ይህ ታሪክ ቁም ነገር አለው ብዬ ስለማምን፣ የጉዞውን መንገድ እየተከተልኩ ባጭሩ ላቀርበው እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ አሳስባለሁ።

ከሴምባሉን እስከ አፋፉ

ጉዞው ከሚጀመርባቸው መንደሮች ዋና ዋናዎቹ በሰሜን በኩል ያለው ሰናሩና በምሥራቅ በኩል ያለው ሴምባሉን ናቸው። ሴምባሉን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በተራሮች መካከል የተዘረጋ ለም ሸለቆ ነው። ነዋሪዎቹ ሳሳክ የተባሉት የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ሲሆኑ፣ አብዛኛዎቹ የእስልምና ሃይማኖት ተከታዮችና በእርሻ የሚኖሩ ናቸው። ተራራውና አካባቢው በ1997 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል፤ ስፋቱም 41,330 ሄክታር ነው። በ2018 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ጂኦፓርኮች መዝገብ ገብቷል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው የዝናብ ወቅት መንገዱ እንደ ደንቡ ይዘጋል።

መንገደኛው በመግቢያው በር ከተመዘገበ በኋላ ከመሪውና ከተሸካሚዎቹ ጋር ጉዞውን ይጀምራል። ተሸካሚዎቹ ጓዙን የሚያነሡት በጀርባቸው አይደለም፤ አንድ ወፍራም ቀርከሃ በትከሻቸው ላይ አጋድመው ድንኳኑን፣ ሩዙን፣ ውሃውንና ድስቱን በሁለቱ ጫፎች በቅርጫት አንጠልጥለው ይሸከማሉ። ሸክሙ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ግራና ቀኙን አመዛዝኖ ማሰር የራሱ ጥበብ አለው። የውጭ አገሩ ሰው በተራራ ጫማና በምርኩዝ እየታገዘ የሚወጣውን አቀበት፣ እነርሱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነጠላ ጫማ አድርገው ይወጡታል።

በመጀመሪያው ቀን ለረዥም ሰዓት በሣር ሜዳ ከተጓዙ በኋላ ቀጥ ያለ አቀበት ይከተላል። ወደ ማታም ፕላዋንጋን ሴምባሉን ወደሚባለው፣ 2,639 ሜትር ከፍታ ወዳለው አፋፍ ይደረሳል። ሥፍራው ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን የወጡበት አቀበት፣ በሌላው ወገን ወደ ሐይቁ የሚወርድ ገደል አለ። ነፋሱ ኀይለኛ ስለሆነ ድንኳኑ በየት በኩል እንደሚተከል፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሌሊት ለመነሣት ሰማዩ ምን እንደሚመስል የሚወስነው መሪው ነው። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ይህ ዕውቀት ከካርታ የሚገኝ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኒው ዚላንድ መንግሥት ርዳታ በተካሄደ ፕሮግራም፣ የሰናሩና የሴምባሉን መሪዎችና ተሸካሚዎች ሥልጠና አግኝተው ሥራቸው መልክ ይዟል። ይሁን እንጂ መንገዱን ያወጡት ለውጭ አገር ሰው ብለው አይደለም። ሳሳኮችም ሆኑ በደሴቲቱ የሚኖሩት የባሊ ሂንዱዎች፣ ሐይቁን እንደ ቅዱስ ሥፍራ ስለሚያዩት ለጸሎትና በፍል ውሃው ለመፈወስ ከጥንት ጀምረው ይመላለሱበት ነበር።

የንጉሡ መርፌዎች

ስለዚህ ተራራ ጉዞ በአውሮፓ ቋንቋ ከተጻፉት ታሪኮች ውስጥ በጣም የሚያስደስተው፣ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ የመዘገበው ነው። ዋላስ ሎምቦክን የጎበኘው በ1856 ነበር። በባሊና በሎምቦክ መካከል ያለው ወሽመጥ ጠባብ ሆኖ ሳለ በሁለቱ ደሴቶች ያሉት አዕዋፍ እጅግ የተለያዩ መሆናቸውን ያስተዋለውና፣ ኋላ በስሙ የተጠራውን የእንስሳት ወሰን ለመለየት መነሻ ያገኘው በዚሁ ጉዞ ነው። በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ ከደሴቲቱ ሰዎች የሰማውን እንዲህ ሲል ይተርካል።

የሎምቦክ ራጃ ከእያንዳንዱ ሰው በዓመት ጥቂት ሩዝ በግብር መልክ ይቀበል ነበር። ነገር ግን ሩዙ ከባላገሩ ተነሥቶ በየሹማምንቱ እጅ ሲያልፍ እያነሰ ስለሚሄድ፣ ለንጉሡ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ሆነ። ንጉሡም የሕዝቡን ትክክለኛ ቁጥር ሳያውቅ ሌባውን ለመያዝ እንደማይችል ተረዳ። ሕዝቡን ቁጠሩ ቢል ደግሞ የሚቆጥሩት እነዚያው ሹማምንት ናቸው። ስለሆነም ብዙ ቀን ሲተክዝ ከቆየ በኋላ፣ የታላቁ የእሳት ተራራ መንፈስ ጠርቶኛል ብሎ፣ ካህናቱንና አሽከሮቹን አስከትሎ ተራራውን ወጣ። ወደ ጫፉ ሲቃረብ አጃቢዎቹን አስቀርቶ ሁለት ልጆች ብቻ ይዞ ወደ ላይ ዘለቀ። ከተመለሰም በኋላ፣ ታላቅ ወረርሽኝ እንደሚመጣና መድኀኒቱም ዐሥራ ሁለት የተቀደሱ ጩቤዎች መሥራት መሆኑን መንፈሱ ነግሮኛል አለ። ጩቤዎቹ የሚሠሩት እያንዳንዱ መንደር በነዋሪው ልክ፣ ለአንድ ሰው አንድ መርፌ ከሚያዋጣው ብረት ነው። ቁጥሩን ያጓደለ መንደር ግን ጩቤው አይረዳውም። ሹማምንቱ ሞትን ስለፈሩ አንዲት መርፌ ሳያጓድሉ አስረከቡ። ንጉሡም መርፌዎቹን አስቆጥሮ የሕዝቡን ብዛት ዐወቀ፤ ከዚያ ወዲያም ግብሩ አልጎደለበትም።

ታሪኩ የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከተራራው ጋር የተያያዘው ፍርሃት ምን ያህል ጥልቅ እንደነበረ ያሳያል። ይህ ፍርሃት ሥር የሌለው አልነበረም።

በአፋፉ ላይ የሚታየው

ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ መንገደኛው ወደ ምዕራብ ሲመለከት፣ 6 ኪሎ ሜትር በ8.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ታላቅ ጎድጓዳ ከበታቹ ተዘርግቶ ያያል። በውስጡ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሰጋራ አናክ የተባለው ሐይቅ አለ። ትርጉሙ «የባሕር ልጅ» ማለት ነው። የሐይቁ ስፋት 11 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱም ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ ነው። ከሐይቁ ዳር ባሩጃሪ የተባለ አነስተኛ ኮረብታ ብቅ ብሏል፤ እርሱም በ1994፣ በ2004፣ በ2009፣ በ2015ና በ2016 እሳት የተፋ፣ ያልሞተ እሳተ ገሞራ ነው።

በዝቋላ ጫፍ ያለውን ሐይቅ ያየ ሰው፣ ይህንንም እንደዚያው ያለ፣ መጠኑ ብቻ የተለየ ሊመስለው ይችላል። አፈጣጠሩ ግን ሌላ ነው። ይህን የመሰለው ጎድጓዳ ካልዴራ ይባላል። ከተራራው ሥር የተጠራቀመው የቀለጠ ዐለት በአንድ ጊዜ በፍንዳታ ሲወጣ፣ ላይ ያለው የተራራ አካል ምሰሶው እንደተነሣበት ጣሪያ ተደግፎ የሚቆምበት ያጣና ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ካልዴራውን የሚያይ ሰው የተሠራ ነገር ሳይሆን የጎደለ ነገር እንደሚያይ ልብ ማለት አለበት። ተመራማሪዎች ከቀረው ግድግዳ ተዳፋት ተነሥተው ባደረጉት ስሌት፣ ሳማላስ ሳይፈነዳ በፊት 4,200 ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው። ይህም ማለት ከአጠገቡ ካለው ከሪንጃኒ ጫፍ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይበልጥ ነበር።

የበረዶው ምስክርነት

የፍንዳታው ምልክት መጀመሪያ የተገኘው በሎምቦክ አልነበረም። በግሪንላንድና በአንታርክቲካ በየዓመቱ የሚወርደው በረዶ ሳይቀልጥ እየተደራረበ ስለሚጠጥር፣ እያንዳንዱ ንብርብር የዘመኑን አየር፣ አቧራና ኬሚካል በውስጡ ይይዛል። ታላቅ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የድኝ ጋዝ ወደ ላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ወጥቶ ወደ ሰልፌትነት ይለወጣል፤ የፀሐይን ብርሃን በከፊል እየጋረደ ምድርን ካቀዘቀዘ በኋላም ከበረዶው ጋር ይወርዳል። በመሆኑም በረዶውን በረዥም ቱቦ ቆፍሮ የሚያወጣ ባለሙያ፣ እኛ ለመሠረት ጥናት የአፈር ናሙና እንደምናወጣው ሁሉ፣ ዘመናትን በየተራ ያነባል።

በ1980ዎቹ በዚህ ዘዴ የተካሄዱት ጥናቶች፣ በ1258ና በ1259 አካባቢ ባለው ንብርብር ላይ እጅግ ከፍተኛ የሰልፌት መጠን መኖሩን አረጋገጡ። መጠኑም በ1815 ከሎምቦክ ጎረቤት ከሱምባዋ ደሴት የፈነዳው ታምቦራ ከተወው የሚበልጥ ነበር። ምልክቱ በሁለቱም ዋልታዎች መገኘቱ፣ ተራራው ወደ ምድር ወገብ ቀረብ ባለ አገር እንደነበረ አመለከተ። የአውሮፓ ዜና መዋዕሎችም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነገር አላቸው። እንግሊዛዊው መነኩሴ ማቲው ፓሪስ በ1258 ስለነበረው ብርድ፣ ስለ እህል መጥፋትና ስለ ረኃብ ጽፏል። እርግጥ ነው፣ ከዚያ ችግር ውስጥ የእሳተ ገሞራው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ።

በረዶው ዘመኑን ተናገረ፤ መጠኑንም ተናገረ። የተራራውን ስም ግን ሊናገር አልቻለም። በሜክሲኮ ኤል ቺቾን፣ በኢኳዶር ኪሎቶዋ፣ በኒው ዚላንድ ኦካታይና ተጠረጠሩ፤ ነገር ግን አንዱ በዘመኑ፣ ሌላው በኬሚካላዊ ይዘቱ አልገጥም አለ።

የዘንባባው ቅጠል ምስክርነት

የሎምቦክ ሰዎች እንደ ጎረቤቶቻቸው እንደ ባሊዎች ሁሉ፣ በሎንታር ዘንባባ ቅጠል ላይ በስለት እየቀረጹ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። የኔዘርላንድ ጦር በ1894 ደሴቲቱን በወረረ ጊዜ፣ ከሚቃጠለው የቻክራነጋራ ቤተ መንግሥት ከተረፉት መጻሕፍት መካከል ናጋራክሬታጋማ የተባለው፣ በ1365 በጃቫ የተደረሰ ስመ ጥር የግጥም መጽሐፍ ይገኝበታል። ያዳነውም ብራንደስ የተባለ የቋንቋ ሊቅ ነበር። ከዚህ የምንረዳው የደሴቲቱ የመጻሕፍት ሀብት ከዓለም የተሰወረ እንዳልነበረ ነው። ዳሩ ግን የሚያነቡት የቋንቋና የነገሥታት ታሪክ ሊቃውንት ነበሩ፤ የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዎች በመረጃነት አላዩትም።

ባባድ ሎምቦክ የተባለው የደሴቲቱ ዜና መዋዕል ሳማላስን በስሙ ይጠራዋል። የሪንጃኒ ተራራ እንደተናደና ሳማላስ እንደፈረሰ፣ ፓማታን የተባለችው የመንግሥቱ ከተማ በጎርፍ መልክ በወረደው ፍርስራሽ እንደጠፋች፣ ቤቶች ወደ ባሕር ተጠርገው እንደተንሳፈፉ፣ ብዙ ሕዝብ እንዳለቀ፣ ምድርም ለሰባት ቀን እንደተናወጠች፣ የተረፉትም ወደ ኮረብታዎች እንደሸሹ ይተርካል። ጽሑፉ የተጠናቀረው ከአደጋው ብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ፣ ጠንቃቃ አንባቢ በጥርጣሬ ቢመለከተው አይፈረድበትም። ዓመተ ምሕረቱንም በትክክል አይሰጥም።

እንግዲህ በአንድ ወገን ዘመን ያለው፣ ስም የሌለው ፍንዳታ፤ በሌላው ወገን ስም ያለው፣ ዘመን የሌለው ጥፋት ነበር። ሁለቱን ያገናኘው፣ ፈረንሳዊው የመልክዐ ምድር ተመራማሪ ፍራንክ ላቪኝ የመራው፣ ኢንዶኔዥያውያን ባለሙያዎችም የተካተቱበት ቡድን በ2013 ያሳተመው ጥናት ነው። ቡድኑ በደሴቲቱ ላይ ከ100 በላይ በሆኑ ቦታዎች የተከመረውን የፑሚስና የዐመድ ንብርብር ለካ፤ በውስጡ ከተገኘው የዛፍ ከሰል በካርቦን 14 ዘመኑን መረመረ፤ የዐመዱን ብርጭቆማ ቅንጣት በዋልታዎቹ በረዶ ውስጥ ከተገኘው ጋር አነጻጸረ። ውጤቱም ፍንዳታው በ1257፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት መካከል፣ ከሳማላስ እንደተነሣ አመለከተ።

የወጣው ዐለት፣ በውስጡ ያለው ቀዳዳ ሳይቆጠር፣ ቢያንስ 40 ኪሎ ሜትር ኩብ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ይህ የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ከሚይዘው 74 ኪሎ ሜትር ኩብ ውሃ ከግማሽ በላይ ይሆናል፤ ልዩነቱ ይኸኛው ውሃ ሳይሆን ዐለት መሆኑ ነው። የዐመዱ ዐምድ እስከ 43 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቷል፤ የጋለው የጋዝና የዐመድ ጎርፍም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ደርሷል። በስምጥ ሸለቆአችን ተቆፍሮ ለብሎኬት መሥሪያ የሚውለውን ፑሚስ የሚያውቁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ያ ቀላል ድንጋይ በብዙ ሜትር ውፍረት መንደሮችን ሲደፍን ምን እንደሚመስል ለመገመት አይቸገሩም። ሎምቦክም ፑሚሱን እየቆፈረች ትሸጣለች። ቁፋሮው ንብርብሩን ገልጦ ለተመራማሪው ያሳያል፤ ያንኑ ንብርብር ግን እየጫነ ይወስደዋል። ጥናቱ በታተመበት ጊዜ ፓማታን የነበረችበት ሥፍራ ገና አልተገኘም ነበር።

በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባባድ ሎምቦክ ጋር ሌሎችን የአካባቢ ዜና መዋዕሎች፣ የሴምባሉንን ጭምር፣ እያስተያየ፣ ሕዝቡ ወዴት እንደሸሸና ኑሮውን እንዴት እንደገና እንዳቋቋመ መርምሯል። የመሪዎቹና የተሸካሚዎቹ መንደር በታሪኩ ውስጥ የራሱ ጽሑፍ አለው ማለት ነው።

ከአፋፉ እስከ ጫፉ

ከድንኳኑ እስከ ሪንጃኒ ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,100 ሜትር ይጠጋል። የመጨረሻው ክፍል ልቅ የሆነ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ስለሆነ፣ መንገደኛው ሁለት እርምጃ ወጥቶ አንዱን ይንሸራተታል። ሲነጋ ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው፣ ሰማዩ ከጠራ በምዕራብ የባሊን አጉንግ ተራራ፣ በምሥራቅ ታምቦራን ያያል። አደጋው ታሪክ ሆኖ ያለፈ አለመሆኑን የሚረዳውም እዚያው ነው። በኅዳር 1994 ከተራራው የወረደ የፍርስራሽ ጎርፍ 30 የመንደር ሰዎችን ገድሏል።

በሐምሌ 29 ቀን 2018 ማለዳ መጠኑ 6.4 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሰሜን ሎምቦክን መታ። ሰዓቱ ብዙ መንገደኞች በተራራው ላይ የሚሆኑበት ነበር። ናዳ መንገዶቹን ስለዘጋ ከ500 በላይ ሰዎች ከነመሪዎቻቸውና ከነተሸካሚዎቻቸው በተራራው ላይ ተቆረጡ። አብዛኛዎቹ የወረዱት መሪዎቹ በሚያውቁት ሌላ መንገድ፣ ከነፍስ አድን ሠራተኞች ጋር በመተባበር ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ በነሐሴ 5 ቀን፣ የባሰው መንቀጥቀጥ መጥቶ በደሴቲቱ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። የብዙ መሪዎችና ተሸካሚዎች መንደሮች ፈረሱ፤ መንገዱም እስከ 2019 አጋማሽ ድረስ በመዘጋቱ የዕለት ገቢያቸው ተቋረጠ። መንገደኛው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ከተራራው ሥር የሚቀሩት እነርሱ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ፣ የአገሬው ትውፊት ከሳይንስ ይበልጣል ወይም ሳይንስ ብቻውን ይበቃል የሚል መደምደሚያ ማውጣት ስሕተት ይሆናል። ዜና መዋዕሉ ያለ ካርቦን 14 ምርመራ ተረት ተብሎ ይቀር ነበር። በረዶውም ስም ሳይገኝለት ብዙ ዘመን ኖሯል። ፍለጋውን ያስረዘመው በከፊል የመሣሪያ እጥረት ነው፤ በከፊል ግን የአንዱ ሙያ ሰው የሌላውን መዝገብ ለማንበብ አለማሰቡ ነው። የድኝን መጠን የሚለካው ባለሙያ የዘንባባ ቅጠል አላነበበም፤ ቅጠሉን የሚያነበው ሊቅም ስለ በረዶ አልሰማም።

ይህ ለእኛም የሚደርስ ነገር ነው። ድልድይ፣ ግድብ ወይም መንገድ ለመንደፍ ስንወጣ፣ አካባቢውን የሚያሳየን፣ መሣሪያችንን የሚሸከምልንና በወንዙ መሻገሪያ የሚያሳልፈን የመንደሩ ሰው ነው። የመለካት ዘመናችን ግን አጭር ነው፤ በብዙ ወንዞቻችን ላይ ያለው የፍሰት መዝገብ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት አያልፍም። ወንዙ በአያቶቹ ዘመን እስከየት እንደሞላ፣ ኮረብታው ለምን «ናዳ» ተብሎ እንደተጠራ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ለምን ከሜዳው ወደ ጉብታው እንደተዛወረ የሚያውቀው ይኸው ሰው ነው። የሚነግረን ሁሉ ትክክል ይሆናል አልልም። ሊጣራ የሚገባው ፍንጭ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት በሚያዘጋጁት የቦታ ጥናት ሪፖርት ውስጥ፣ ከአፈር ምርመራውና ከቅየሳው ቀጥሎ፣ የነዋሪዎች ቃልና የአካባቢው የቦታ ስሞች ከነትርጉማቸው የሚመዘገቡበት አንድ ምዕራፍ እንዲኖር ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ገጽ ወረቀትና ከሽማግሌዎች ጋር የሚያሳልፉት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የተነገረው ከተለካው ጋር ከተስማማ ንድፋችንን ያጠነክረዋል፤ ካልተስማማ ደግሞ እንደገና እንድንለካ ምክንያት ይሆነናል።